ገመዱን ማን ይያዝ

ኤርሳዶ እንደሚለው ጥፋቱ የራሱ ነው። በድንጋይ መውጣት ክለባቸው ሕግ የሚወጣው ሰው አናት ደርሶ ራሱን ከድንጋዩ ጋር አስሮ ሲጨርስ «ታስሬያለሁ» ብሎ ይጮኻል። ከታች ገመድ የያዘው ሰው ይህን ቃል እስኪሰማ ድረስ እጁን ከገመዱ አያነሳም። ኤርሳዶ ግን ያን ዕለት ሌላ ቃል ተናገረ። ሐሴትም የሰማችውን ተከትላ ሠራች። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው ይላል።

ሐሴት እንደምትለው ጥፋቱ የእሷ ነው። «ታስሬያለሁ» የሚል ቃል አልሰማችም፤ አለመስማቷንም አሳምራ ታውቃለች። «ምን አልክ?» ብላ መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም፤ ገመዱን ለቀቀች።

ሰው ሲጣላ አንዱ ሌላውን ይከሳል። እነዚህ ሁለቱ ግን የተከራከሩት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው በሚል ነበር። ችግሩን ያባባሰውም ይኸው ነው። የእሱ እናት ወይዘሮ ገንዘቤ የሐሴትን ቃል አመኑ፤ የእሷ እናት ወይዘሮ የሺአረግ ደግሞ የኤርሳዶን። ስለዚህ ገርጂ ባለው የእሱ ቤት ሐሴት «ልጄን የለቀቀች» ተባለች፤ ሰሚት ባለው የእሷ ቤት ኤርሳዶ «በነፍሱ የሚጫወት» ሆኖ ቀረ።

የተዋወቁት ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ነው። ሐሴት እዚያ የምትሠራው ዋስትና ሊገዙ የሚመጡ ሰዎችን እየጠየቀች አደጋ ምን ያህል እንደሚቀርባቸው መመዘን ነበር። ኤርሳዶ የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ ለሚ ኩራ ውስጥ በሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ ይውላል። ያን ቀን የመጣው ግን ለሥራው ሳይሆን ለክለቡ አባላት የአደጋ ዋስትና ለመጠየቅ ነው።

«ስፖርቱ ምንድን ነው አሉኝ?»

«ድንጋይ መውጣት።»

«ተራራ ማለትዎ ነው?»

«ተራራ በእግር ይወጣል። ይሄ ቀጥ ያለ ድንጋይ ነው፤ በእጅም በእግርም ነው። ደግሞ እባክሽ አንተ በይኝ፤ አባቴን የምታናግሪ መሰለኝ።»

«እሺ፣ አንተ። ለምን ትወጣለህ?»

«ፎርሙ ላይ አለ?»

«የለም፣ የራሴ ጥያቄ ነው። መውረድህ ላይቀር ለምን ትወጣለህ?»

ኤርሳዶ ሳቀ። ሐሴት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ታጨሳለህ? አላጨስም። ትጠጣለህ? የጴንጤ ልጅ ነኝ። ሞተር ሳይክል ትነዳለህ?

«ሞተር ያስፈራኛል» አለ።

ሐሴት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያስፈራሃል?»

«በጣም።»

«ድንጋይ ላይ ትንጠለጠላለህ፣ ሞተር ያስፈራሃል።»

«ድንጋዩ ላይ በምን እንደታሰርኩ አውቃለሁ። ሞተሩ ላይ በምንም አልታሰርኩም።»

እንደማይሳካለት ነገረችው። መሥሪያ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ነገር ዋስትና አይሰጥም። «ሞት ለሚፈልግ ሰው አንሸጥም» አለችው፤ ለቀልድ ያለችው ቢሆንም ከበድ ብሎ ወጣ።

«ሞት የሚፈልግ ሰው ኢንሹራንስ አይገዛም» አላት በትሕትና፤ አመስግኗትም ወጣ።

ከሥራ ስትወጣ ከሕንፃው በር ላይ ራይድ ሲጠብቅ አገኘችው። ሐሴት ወደ ማዶ ልትሻገር ነበርና እንደ ልማዷ በሚሮጡት መኪናዎች መካከል እጇን እያወዛወዘች ገባች። ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋባት፤ እሷም መልሳ ሰደበችው። ማዶ ደርሳ ዞር ስትል ኤርሳዶ አፉን ከፍቶ ያያታል።

«እኔና አንቺ ብንወዳደር» ብሎ ጮኸ ከወዲያ፣ «ኢንሹራንስ የሚከለከለው ማነው?»

ሐሴት ሳቀች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክለቡን ለማየት ገርጂ ሄደች።

ክለቡ ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ጀርባ ያለ አሮጌ መጋዘን ነው። ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም መያዣዎች እስከ ጣሪያው ተተክለዋል፤ ገመዶች ከላይ ይወርዳሉ። ያቋቋመው ሙራድ የሚባል አጠር ያለ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። አዲስ የመጣ ሰው ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት ገመድ መያዝ እንዲማር ያስገድዳል። ገመዱ ከያዡ ቀበቶ ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ብረት ውስጥ ያልፋል። ሙራድ ብረቷን «ፍሬን» ይላታል፤ ወጪው ቢወድቅ ቀጥ አድርጋ የምትይዘው እሷ ናት።

«እዚህ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው» አላት በመጀመሪያው ቀን። «አንዱ ልቡ እንዲመታ ይመጣል። ሌላው ልቡ እንዲረጋ። የመጀመሪያው ብዙ አይቆይም፤ ወይ ይሰለቸዋል ወይ እኔን ያስፈራኝና አባርረዋለሁ።»

«ኤርሳዶስ?»

«ኤርሳዶማ ቋጠሮሽን ሳያይ ሰላም አይልሽም። ራይድ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ቀበቶ የሚያስር ብቸኛ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ወላሂ።»

«እኔስ?»

ሙራድ አገጩን አሻሸ። «አንቺን ገና እያየሁሽ ነው።»

ሐሴት ለመውጣት ብዙም አልጓጓችም። ገመድ መያዝ ግን ወደደች። ከታች ሆና የወጪውን ጀርባ ታያለች፤ ተረከዙ ሲንቀጠቀጥ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ እጁን ሊዘረጋ ሲያስብ ታውቃለች። ገመድ ጨምሪ ከመባሏ በፊት ትጨምራለች፤ ያዢ ከመባሏ በፊት ትይዛለች። ሙራድ ለሌሎቹ አርአያ አደረጋት። ኤርሳዶም «ሳልናገር ትሰማኛለች» እያለ ይኮራባት ጀመር። ይህ ችሎታ አንድ ቀን አደጋ ሊሆን እንደሚችል ያሰበ አልነበረም።

ልምምዱ ሲያልቅ ኤርሳዶ እስከ ታክሲው ይሸኛታል። ሰልፉ ሲረዝም ይደሰታሉ፤ ሲያጥር አንድ መኪና ያሳልፋሉ። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ስልክ ስትደውልለት ለማንኛውም ጥያቄ አንድ መልስ አለው።

«እንዴት ዋልክ?»

«አለሁ።»

«ደክሞሃል?»

«አለሁ።»

«ናፍቄሃለሁ?»

ትንሽ ዝም ይልና፣ «አለሁ» ይላል፤ ይህኛው ግን ለስለስ ይላል።

ሐሴት መጀመሪያ ተናደደች፤ በኋላ ለመደችው። የደከመው «አለሁ» ወደ መጨረሻው ይወርዳል። የተናደደው አጭር ነው። ዕረፍት ያገኘው፣ ቁጭ ያለው፣ ጫማውን ያወለቀው «አለሁ» ሰፋ ይላል። እወድሻለሁ የሚለውንም ለየችው። በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሱ በቀር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብላ ታምን ነበር።

አንድ ምሽት በታክሲው ሰልፍ ላይ፣ ከፊታቸው ያሉት ሴትዮ እየሰሟቸው፣ «ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

ሐሴት ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ማንን ነው የምትልከው?»

«የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አሉ። ሙራድም ካልሄድኩ ብሏል።»

«ሙራድ ከመጣ እናቴን በማግስቱ ግድግዳው ላይ ያወጣታል።»

«እምቢ ማለትሽ ነው?»

ከፊታቸው ያሉት ሴትዮ ዞር አሉ። «ኧረ እሺ ብላለች! አንተ ደግሞ፣ አይገባህም እንዴ?»

ነገሩ እዚህ ደርሶ ሳለ ነው ወደ ካባው የሄዱት። ከለሚ ኩራ አዳዲስ ሕንፃዎች ወዲያ አንድ የተተወ የድንጋይ ካባ አለ። ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ አሁን ቀጥ ያለ ገደል ብቻ ቀርቷል። የክለቡ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይወጣሉ። የሲሚንቶና የአሸዋ መኪናዎች ከሥሩ ያልፋሉ።

ያን ቀን ኤርሳዶ ቀድሞ ወጣ፤ ገመዱን የያዘችው ሐሴት ነበረች። ሙራድ ትንሽ ራቅ ብሎ ጀማሪዎችን ያሰለጥናል። ኤርሳዶ በመንገዱ ላይ ገመዱን ድንጋዩ ላይ ባሉት ቀለበቶች እያሳለፈ ሄዶ፣ ወጣ ያለችውን ጉብታ ሲያልፍ ከዓይኗ ተሰወረ። ከዚያ በኋላ የምታየው ገመዱን ብቻ ነው። ገመዱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ። ከታች አንድ ገልባጭ መኪና ዳገቱን እያጓራ ይወጣል።

«ደረስክ?» ብላ ጮኸች።

«አለሁ!»

ድምፁ ሰፋ ያለ፣ ያረፈ መሰላት። ቁጭ ሲል የሚለው «አለሁ»። ሐሴት ደስ አላት፤ ፍሬኑን ከፍታ ገመዱን አወጣች።

ኤርሳዶ ግን ገና አልታሰረም ነበር። በጠባብ ድንጋይ ላይ በእግሩ ጣቶች ቆሞ የሚታሰርበትን ቀለበት እያየ ነው። ስልክ እንደሚመልስ ሰው፣ ደህና ነኝ፣ እየሠራሁ ነው ማለቱ ነበር። እጁን ሲዘረጋ እግሩ ከዳው።

ገመዱ ሲሮጥ ሐሴት በባዶ እጇ ያዘችው። መዳፏ ተቃጠለ፤ ሥጋዋ ሲላጥ ተሰማት፤ ጣቶቿን ግን አልከፈተችም። ገመዱ ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ኤርሳዶ መሬት ሳይደርስ መካከል ባለው እርከን ላይ ወደቀ፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ሆስፒታል ወይዘሮ ገንዘቤ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ ደረሱ። ባላቸውን መኪና ገጭቶ ከገደለባቸው ወዲህ የስልክ ጥሪ በሰሙ ቁጥር የሚደነግጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። ሐሴት በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን በሹራቧ ውስጥ ደብቃ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«ገመዱን የያዘው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እንዴት ወደቀ?»

መኪናው ነበር፣ ድምፁ ነበር፣ ቃሉ ነበር። ብዙ ነገር ማለት ትችል ነበር። «ለቀቅኩት» አለች።

ወይዘሮ ገንዘቤ ከዚህ በላይ መስማት አልፈለጉም። ኤርሳዶ ሲነቃ እውነቱን ሊያስረዳ ሞከረ፤ «አንተማ ሸፍንላት» አሉት። ሊላኩ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳይላኩ ቀሩ። ሰሚትም ነገሩ ያው ነበር። «በነፍሱ የሚጫወት በነፍስሽም ይጫወታል» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ፣ «ጌታ አውጥቶሻልና ዝም በይ።»

ሐሴት ልትጠይቀው ወደ ገርጂ አልሄደችም። በስልክ ብቻ ያወራሉ፤ እናቱ ሲተኙ።

«እንዴት ነህ?» አለችው በመጀመሪያው ጊዜ።

«አለሁ።»

ሐሴት ስታለቅስ ሰማት።

«እሱን ቃል ተውልኝ» አለችው።

«እሺ። እግሬ ያመኛል» አለ። «ጄሶው ውስጥ ያሳክከኛል። እማዬ ጎረቤት ሁሉ እየጠራች ታስጸልይልኛለች፤ አንደኛው ሰውዬ እጁን የጫነው በደህናው እግሬ ላይ ነው፤ ማረም አፍሬ ዝም አልኩ።»

ሐሴት በእንባዋ መሃል ሳቀች። «ሌላስ?»

«ናፍቀሽኛል። እወድሻለሁ። እንዲህ ነው የሚባለው አይደል?»

«እንዲህ ነው።»

በዚያ ክረምት፣ እግሩ ጄሶ ውስጥ ሆኖ፣ ኤርሳዶ ከመውደቁ በፊት ካወራው ሁሉ የበለጠ አወራ።

ክራንቹን ጥሎ መራመድ ሲጀምር ግን አንድ ሐሳብ መጣለት። እናቱን ወደ መጋዘኑ ያመጣል። እሱ ግድግዳውን ይወጣል፤ ሐሴት ትይዘዋለች። እናቱ ያያሉ። ነገሩ ያልቃል።

«ሐኪሙ ፈቅዷል?» አለችው።

«ቀስ በል ነው ያለኝ። እኔም ቀስ እላለሁ።»

«ኤርሳዶ…»

«አንቺን የማምንሽ በንግግር እንዳልሆነ እማዬ ትወቅ። ሌላ ምን ማስረጃ አለኝ?»

ሐሴት እሺ አለች። እምቢ ብትል ፈራች ይባላል፤ እሱንም ታጣዋለች ብላ አሰበች።

ቅዳሜ ጠዋት ሙራድ የኤርሳዶን ቀበቶ ሲያይ ፊቱን አኮሳተረ። «ወንድሜ፣ ስንት ዓመት አብረን ወጥተናል። ለታይታ ልትወጣ ስትል ግን ዛሬ ገና አየሁህ።»

«ለታይታ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው? እግርህ ገና አልጠና። ልብህ ደግሞ ከዚህ ሲመታ ይሰማኛል። እስከ ዛሬ አንተን ፈርቼህ አላውቅም፤ ዛሬ ፈራሁህ።»

ኤርሳዶ ቋጠሮውን ማሰር ቀጠለ።

ወይዘሮ ገንዘቤ ሙራድ ባቀረበላቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጣሪያውን አዩ፤ ገመዱን አዩ፤ በመጨረሻ ሐሴትን አዩ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እትዬ፤ እርስዎስ?»

«ጌታ ይመስገን። እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?»

ሐሴት መዳፎቿን ልትጨብጥ ስትል ሴትየዋ ቀደሟት። እጇን ይዘው ዘረጉት። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የሚሄድ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነበር፤ በሁለቱም መዳፎች።

«ይሄ ከገመዱ ነው?»

«አዎ።»

«ከወደቀ በኋላ ነው?»

«ሲወድቅ ነው፣ እማዬ» አለ ኤርሳዶ። «በባዶ እጇ ይዛኝ ነው። እሷ ባትይዘኝ መሬት ነበር የምደርሰው። ስንቴ ነገርኩሽ።»

«አንተ ለእሷ የምትሸፍን መስሎኝ ነዋ!» ወይዘሮ ገንዘቤ ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ እጇን ለቀው በወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ ያዢው» አሉ። «ያዢውና ልይ። ከዚያ በኋላ አፌን እዘጋለሁ።»

ሐሴት ቀበቶዋን ታጠቀች። ገመዱን በፍሬኑ ውስጥ አሳለፈች፤ ቆለፈች። የኤርሳዶን ቋጠሮ አየች፤ እሱም የእሷን አየ። ሙራድ መጥቶ የሁለቱንም አየ። ሁሉም ልክ ነበር።

«ልውጣ?» አለ ኤርሳዶ።

«ውጣ» የምትለው እሷ ናት። እሷ ካላለች አይወጣም። ሐሴት ገመዱን ይዛ ፊቱን አየችው። ላብ አውጥቷል፤ ግራ እግሩን ሳያውቀው ያሳርፈዋል። የወይዘሮ ገንዘቤ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሐሴት የኤርሳዶን ትንፋሽ ልትሰማ ሞከረች፤ የምትሰማው ግን የእናቱን ነበር።

«አልልም» አለች።

«ምን?»

«ውጣ አልልህም።» ቁልፉን ከፍታ ገመዱን አወጣች።

«ፈርተሽ ነው?»

«አይደለም። ብትወድቅ እይዝሃለሁ፤ እሱን አውቃለሁ። ግን አሁን ይሄን ገመድ ይዤ የምሰማው አንተን አይደለም፤ እናትህን ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር እሰማለሁ። የዚያን ቀንም የሆነው ይኸው ነው። ድምፅህን ስሰማ ምን እንዳልክ አልጠየቅኩም፤ ምን እንደምትል የማውቅ መስሎኝ ነበር። ስለምወድህ ያላልከውን እሰማለሁ፣ ኤርሳዶ። ገመድ የሚይዝ ሰው የተባለውን ብቻ ነው መስማት ያለበት። ሙራድ ካልሰማ አሥር ጊዜ ምን አልክ ይልሃል፤ እስኪሰለችህ።»

«አሥራ አንድ» አለ ሙራድ ከኋላ።

ማንም አልሳቀም። ኤርሳዶ ገመዱን እንደያዘ ቆሟል። «ታዲያ ለእማዬ በምን አሳያታለሁ?» አለ ቀስ ብሎ። «እንደማምንሽ በምን ታያለች?»

«ማሳየት የለብህም። በተሰበረ እግርህ ግድግዳ ወጥተህ የምታሳየውን እምነት አልፈልገውም፤ እሳቸውም ልጃቸው ሲንጠለጠል እያዩ እንዲያምኑኝ አልፈልግም።» ወደ ወይዘሮ ገንዘቤ ዞረች። «እትዬ፣ ያን ቀን ገመዱን ለቅቄዋለሁ። አልለቀቅኩም ብዬ ቤትዎ አልገባም። እሱም ማለት ያለበትን አላለም። ሁለቱም እውነት ነው።»

ወይዘሮ ገንዘቤ ቦርሳቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው መሬት አስቀመጡ።

ሐሴት የቀበቶዋን መቆለፊያ ፈታች፤ ከወገቧ አውጥታ ለሙራድ ሰጠችው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አገባሃለሁ፣ ኤርሳዶ። ሽማግሌህን ላክ፤ እናትህ ዛሬ ባይፈቅዱ እስኪፈቅዱ እጠብቃለሁ። ገመድህን ግን ከእንግዲህ ሙራድ ነው የሚይዘው።»